ውፍረት ሙቀት አይደለም፦ ከታይዋን ለብስክሌት የሚሆን ጃኬት ስንገዛ

 

ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ጃኬት መጻፍ አንዳንዱን ያስቀው ይሆናል። ከተማችን የምትታወቀው በሙቀቷና በቀትር ዕረፍቷ ነው እንጂ በብርዷ አይደለም። ይሁን እንጂ ጥቅምት ገብቶ ጥር እስኪወጣ ድረስ ታይዋን ገበያን የጎበኘ ሰው አይስቅም። ከመደብሮቹ ፊት ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለው ጃኬት መተላለፊያውን ያጠብባል። የሚገዛው ማነው ቢባል፣ ከሐረር፣ ከሐረማያና ከቁልቢ የወረደው ደገኛ ነው፤ ልጁን ደጋ ወዳለ ትምህርት ቤት የሚሸኘው የድሬ አባት ነው፤ ማለዳ ተነሥቶ ብስክሌቱን የሚያስነሣው ወጣትም ነው።

በዚህ ጽሑፋችን በተለይ የምናስበው ይህን ብስክሌት ነጂ ነው። የነዳጅና የትራንስፖርት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ብስክሌት ለብዙ ቤተሰብ የመዝናኛ እቃ መሆኑ ቀርቶ የዕለት መጓጓዣ እየሆነ ነው። ልጁ በብስክሌት ይማራል፣ አባት በብስክሌት ሥራ ይውላል። ታዲያ ብርድ ላይ የሚነዳ ሰው ምን ዓይነት ጃኬት ያስፈልገዋል? ከታይዋን ሲገዛስ በምን ይለየዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን በጠባብ ደመወዝ ለሚኖር ወላጅ ጃኬት በየዓመቱ የሚገዛ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ልጁ ብርዱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይከርማል።

ቆላ ገዝቶ ደጋ መልበስ

የመጀመሪያው ችግር ገበያው ያለው ቆላ፣ ብርዱ ያለው ደጋ መሆኑ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሐረማያ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በደንገጎ ዳገት በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረማያ የደረሰ ሰው ከ5 ዲግሪ የማያንስ ሙቀት ድሬ ላይ ትቶ መጥቷል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች፤ ሐረማያ ላይ ከ5 ዲግሪ በታች የሚወርድ ሌሊት ብርቅ አይደለም። አበው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ይህን የደጋ ብርድ ስለሚያውቁት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናቸውን ስናስብ፣ ልጆቻችን ለትምህርት የሚሄዱበት አገር ብርዱ ምን ያህል እንደሚብስ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይወጣል። ታይዋን ውስጥ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ በሰው ግፊያ መካከል ቆሞ የተለካ ጃኬት ሁሉ ያሞቃል። ሻጩ «እየው፣ ገና ሳትዘጋው አላበህ!» ቢል እውነቱን ነው፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ ካናቴራም ያልባል። ስለዚህ «ለብሼው ሞቀኝ» የሚለው መመዘኛ ድሬ ላይ አይሠራም። መመዘኛችን ሌላ መሆን አለበት። እርሱን ለማግኘት ደግሞ ብስክሌት ነጂን የሚያበርደው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ሁለቱ ሌቦች፦ ነፋስና ላብ

ቆሞ አውቶብስ የሚጠብቅ ሰውና ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚሰማቸው ብርድ አንድ አይደለም። ሰውነታችን ዙሪያውን ያለችውን ስስ አየር አሙቆ እንደ ልብስ ይለብሳታል። ነፋስ ሲመጣ ይህችን የሞቀች አየር ጠርጎ ይወስዳትና በቦታዋ ቀዝቃዛ ይተካል። ብስክሌት ነጂ ደግሞ ነፋስ ባይኖር እንኳ በፍጥነቱ ነፋስ ይፈጥራል። የካናዳና የአሜሪካ የአየር ጠባይ ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በተገለጠ ፊቱ ላይ የሚሰማው 7 ዲግሪ ያህል ነው። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ የሚሰማው ዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም ውሃ በረዶ የሚሆንበት ብርድ ነው።

ሁለተኛው ሌባ ላብ ነው። ፔዳል ስንመታ ጡንቻችን ከሚያወጣው ኃይል ብስክሌቱን የሚገፋው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዳገት ላይ በውርጭም ቢሆን የምናልበው ለዚህ ነው። ዳገቱ አልቆ ቁልቁለት ሲጀምር ግን እግር ያርፋል፣ ሙቀት ማመንጨቱ ይቀንሳል፣ ነፋሱ ይበረታል። በዚያች ሰዓት ሸሚዛችን በላብ ከራሰ ጉዳችን ፈላ። ምክንያቱም ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል፤ የራሰ ልብስ ከሰውነታችን ሙቀት እየሳበ ለነፋሱ ያስረክባል።

እንግዲህ ወፍራሙ ጃኬት ብዙ ጊዜ የሚከዳን እዚህ ላይ ነው። በስፖንጅ የታጨቀ ከባድ ጃኬት ቆሞ ለሚጠብቅ ዘበኛ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ብስክሌት ነጂ ግን በዳገቱ ላይ ያፍነዋል፣ ያስልበዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ያንኑ ላብ ያቀዘቅዝበታል። ጨርቁ ነፋስ የሚያሳልፍ ከሆነ ውፍረቱ ብዙም አይጠቅምም። በአንጻሩ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ከሥሩ ካለ ሹራብ ጋር ሲሆን የተሻለ ይሞቃል፣ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ከጋቢ የምንማረው

ይህ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም። ጋቢያችን ለምን ይሞቃል? በአንድ ወፍራም ጨርቅ ስለተሠራ አይደለም። አራት ስስ ድርብ ሆኖ፣ በድርቦቹ መካከል አየር ይዞ ስለሚቀመጥ ነው። የሚያሞቀን ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በጨርቁ መካከል ሳይንቀሳቀስ የታሰረው አየር ነው። በሰሜናዊ ፊንላንድ በምትገኘው በኦሉ ከተማ፣ በረዶ ምድሩን በሸፈነበት ወራት ሕፃናት ሳይቀሩ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ዘዴያቸው የጋቢው ዘዴ ነው፤ ደራርቦ መልበስ። ካናዳና ስዊድን ያሉ ወገኖቻችንም የመጀመሪያውን ክረምት ሲያሳልፉ የሚማሩት ይህንኑ ነው።

ሆኖም ጋቢ ራሱን ተከናንቦ ብስክሌት መንዳት አደገኛ ነው። ጫፉ በቸርኬ ወይም በሰንሰለት ከተያዘ ነጂውን ይጥላል። ስለዚህ የጋቢውን ብልሃት ወስደን በሦስት ድርብ እንልበሰው።

አንደኛው ድርብ ገላ የሚነካው ነው። ይህ ስስና ላብን ቶሎ የሚያደርቅ ይሁን። ጥጥ በድሬ ሙቀት ተወዳዳሪ የለውም፤ ብርድ ላይ ግን ላብ ጠጥቶ ቶሎ ስለማይደርቅ ለብስክሌት አይመችም። ወጣቶቻችን ለኳስ የሚለብሱት ስስ የፖሊስተር ማሊያ ለዚህ ይበቃል። ሁለተኛው ድርብ ሙቀት ያዡ ነው፤ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ፣ ፀጉራም ጨርቅ። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት መያዙን አይተውም፤ የመንዝ ሰዎች ከበግ ፀጉር ባና የሚሠሩት በከንቱ አይደለም። ሦስተኛው ድርብ ነፋስ ከልካዩ ጃኬት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ በአብዛኛው ቤታችን ውስጥ አሉ። ስለዚህ ታይዋን የምንሄደው በዋናነት ለሦስተኛው ነው ማለት ነው። ወጪው ከወዲሁ ቀለለ።

ፍሊስ ለምን ረከሰ?

ስለ ሁለተኛው ድርብ ካነሣን አይቀር አንድ ታሪክ እናውጋችሁ። ፍሊስ ሱፍን አስመስሎ ከፖሊስተር የተሠራ ጨርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አካባቢ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው ማልደን ሚልስ የተባለ ፋብሪካ አወጣው። ባለቤቱ አሮን ፎየርስታይን ፈጠራውን በባለመብትነት ስላላስመዘገቡት ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ቻለ፤ ዛሬ በየገበያው በርካሽ የምናገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው በእሳት ሲጋይ ባለቤቱ ገንዘባቸውን ይዘው ዞር ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ፋብሪካውን መልሰው ሠሩ፤ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞችም ለወራት ደመወዝ ከፈሉ። ንግድ ትርፍ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሥራ ከየትም ይምጣ ሊወሳ ይገባዋል።

ፍሊስ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሞቃል። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ነፋስ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ስለዚህ ፍሊስ ብቻውን ለብሶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ልብስ እንዳልለበሰ ይሰማዋል። ከላዩ ስስ የናይለን ጃኬት ቢደርብበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሻጩ «ይህ ፍሊስ ብቻውን ይበቃሃል» ቢል፣ ለተቀመጠ ሰው እውነት፣ ለሚነዳ ሰው ግን ጎዶሎ ምክር ነው።

በመደብሩ ፊት ስንቆም

አሁን ወደ ታይዋን እንግባ። ማለዳ ወይም ፀሐይ በረድ ስትል መሄድ ይሻላል፤ በቀትር ሙቀት ተጣድፎ የሚገዛ ሰው ማየት ያለበትን አያይም። ጃኬቱን ስንይዝ የሚከተሉትን እንሞክር። አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

የትንፋሽ ፈተና። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የጃኬቱን ጨርቅ አንድ ንጣፍ አፋችን ላይ አስጠግተን፣ በወዲያ በኩል መዳፋችንን ዘርግተን በኃይል እንተንፍስ። ትንፋሹ መዳፋችን ላይ ከተሰማን ነፋስም እንዲሁ ያልፋል። ካልተሰማን ነፋስ ከልካይ አግኝተናል። ደረቱን፣ ትከሻውንና እጅጌውን ለየብቻ እንሞክር፤ ከፊቱ ጥሩ ሆኖ ብብቱ ላይ ስስ የሆነ ብዙ ነውና። ብብቱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ትንሽ ማናፈሻ ቢኖረው ግን ጉድለት አይደለም፤ ላብ የሚወጣው በዚያ ነው።

የፀሐይ ፈተና። ድሬ ፀሐይ አትነፍገንም። ጃኬቱን ወደ ብርሃን አንሥተን እንመልከተው። ላባ ወይም ስፖንጅ ያለው ከሆነ ሙሌቱ ወደ ታች ወርዶ ባዶ የቀረው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ትከሻው ባዶ፣ ወገቡ የታጨቀ ጃኬት ለማንም አይሆንም።

የጭብጥ ፈተና። ሙሌቱን በእጃችን ጨብጠን እንልቀቀው። ቶሎ ተመልሶ ከተነፋ አየር ይይዛል ማለት ነው። ተጨፍልቆ ከቀረ ክብደት እንጂ ሙቀት አይሰጥም።

የመቀመጫ ፈተና። ጃኬት ቆሞ ሲለካና ብስክሌት ላይ ሲሆን ልዩነት አለው። ሻጩን አስፈቅደን በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ የብስክሌት መሪ እንደያዝን ሁሉ ወደ ፊት አጎንብሰን እጃችንን እንዘርጋ። ወገባችን ከተገለጠ ወይም እጅጌው ከአንጓችን ሸሽቶ ወደ ክርን ከወጣ ያ ጃኬት ለብስክሌት አልተሠራም። ከኋላው ረዘም ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ትከሻው የማያጣብቅ ይመረጣል።

የዚፕ ፈተና። ዚፑን አሥር ጊዜ ያህል ከፍተን እንዝጋ። የሚያዝ፣ የሚከፈት ወይም ጥርሱ የሚዘል ከሆነ እንተወው፤ ዚፕ የተበላሸበት ጃኬት መጋረጃ ነው። ከዚፑ ጀርባ ነፋስ የሚከለክል የጨርቅ ሽፋን መኖሩንም እንመልከት። አንገትጌው እስከ አገጭ የሚዘጋ ቢሆን መልካም ነው። ዳገት ላይ ዚፑን ዝቅ አድርገን እንተነፍሳለን፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር እስከ አንገት እንዘጋለን።

የውሃ ፈተና። ሻጩ ከፈቀደ ሁለት ጠብታ ውሃ እናንጠብጥበት። ጠብታው ድብልብል ብሎ ከተንከባለለ ለካፊያ ይሆናል፤ ከሰረገ አይሆንም። ነገር ግን «ውሃ አያስገባም» ማለት ብቻውን ምስጋና አይደለም። እንደ ላስቲክ የሆነ የዝናብ ልብስ ዝናቡን ከልክሎ ላቡን ውስጥ ያስቀራል፤ ከጥቂት ዳገት በኋላ ዝናብ የመታን ያህል እንርሳለን። በብርዱ ወራት ደግሞ ደጋው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ የሚያስፈልገን ነፋስ ከልካዩ ነው።

በመጨረሻም ከውስጥ የተሰፋችውን ወረቀት እናንብብ። ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ይጻፍባታል። ከደረቱ ላይ «ቴርማል» ተብሎ በትልቁ መጻፉ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ቃሉን ማተም ቀላል ነው። ስፌቱንና ገበሩን ገልብጠን እንይ፤ ክሩ የሚመዘዝ ከሆነ አንድ ብርድ አይሻገርም።

ለሙስሊም ቤተሰብ ልዩ ጥንቃቄ

አንዳንዱ ወጣት የቆዳ ጃኬትና የቆዳ ጓንት ይመርጣል። ቆዳ ነፋስ በመከልከል ግሩም ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ቆዳ የምን እንስሳ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። የአሳማ ቆዳ ለጃኬት፣ ለጓንትና ለገበር በሰፊው ይሠራበታል። በአካባቢያችን በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ የአሳማ ቆዳ ቢለፋም ጠሃራ አይሆንም፤ ለብሶ መስገድም አይቻልም። እንዴት እንለየው? ፀጉሩ የበቀለበትን ቀዳዳ በብርሃን እንመልከት። የአሳማ ቆዳ ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ሦስት ጉልቻ እንደተጎለተ ተሰባስበው ይታያሉ። የበሬና የበግ ቆዳ እንዲህ ዓይነት ሦስት ጉልቻ የለውም። ላዩ በቀለም ተሸፍኖ ቀዳዳው ካልታየና ወረቀቱም ካልነገረን ጥርጣሬ ያለበትን ትቶ ወደ ናይለኑ መሄድ ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሁለተኛው እጅጌው ነው። መንገድ ላይ ሶላት የሚደርስበት ሰው ለውዱእ እጅጌውን እስከ ክርን ድረስ መሰብሰብ ይኖርበታል። ጫፉ በጠባብ ላስቲክ የታሰረ እጅጌ ክርን ላይ አይደርስም፤ ልጁ ብርድ ላይ ጃኬቱን አውልቆ እንዲቆም ያስገድደዋል። በተለጣፊ ማሰሪያ ወይም በቁልፍ የሚጠብቅና የሚላላ እጅጌ ነፋስም ይከለክላል፣ ለውዱእም ይመቻል።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ለሱብሒ መስጊድ የሚሄድ ወይም ከመግሪብ በኋላ የሚመለስ ልጅ መንገዱን የሚጋራው ከጭነት መኪናና ከባጃጅ ጋር ነው። ጥቁር ጃኬት ቆሻሻ አያሳይም፤ ልጁንም አያሳይም። ደማቅ ቀለም ያለው ካልተገኘ በጀርባውና በእጅጌው ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ማሰፋት ነው። ይህ በየሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

እኅቶቻችንንም አንርሳ። ለእነርሱ ከዳሌ ወረድ የሚል፣ ሰፋ ያለ ጃኬት ይመቻል፤ ግን ጫፉ ከኮርቻው በታች እስኪንጠለጠል መርዘም የለበትም። የሒጃቡን ጫፍ ከጃኬቱ ውስጥ አስገብቶ መዝጋት አንገትን ከብርድ ይጠብቃል፤ ጫፉም በነፋስ ተውለብልቦ ዓይን እንዳይከልል ያደርጋል። የቀሚስን ጠርዝም ከሰንሰለት ማራቅ ያስፈልጋል። ለሕፃናት ደግሞ «ያድግበታል» እያልን ሁለት ቁጥር አስፍተን መግዛት ለምደናል። አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ነፋሱ በወገብና በእጅጌ ገብቶ በውስጡ ይናኛል። ወገቡ ላይ የሚሳብ ገመድ ያለው ከተገኘ ችግሩን ያቃልላል።

ምልክት፣ መሐላና ክርክር

ወጣቶቻችን ጃኬት ሲገዙ በቅድሚያ የሚያዩት ደረት ላይ ያለውን ምልክት ነው። ሆኖም ምልክት መስፋት ጃኬት ከመስፋት ይቀላል። ዝነኛ ስም የለጠፈ ጃኬት የትንፋሹን ፈተና ሲወድቅ፣ ስሙ ያልታወቀው ጎረቤቱ ሊያልፍ ይችላል። ለስም ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ለብርድ መጋለጥ ኢስራፍም ነው፣ ጉዳትም ነው። ልጆቻችንን «አይሆንም» ብለን ከመቆጣት ይልቅ ፈተናውን አስተምረን ራሳቸው እንዲሞክሩት ብናደርግ ይሻላል። አንድ ጊዜ መዳፋቸው ላይ ነፋሱ ሲሰማቸው ምልክቱን ይተዉታል።

በኮንትሮባንድ የሚገባ ልባሽ ጨርቅ በየጊዜው በጉምሩክ እንደሚያዝ ይታወቃል። ስለዚህ ደረሰኝ ከሚሰጥና ነገ ከነሱቁ ከምናገኘው ነጋዴ መግዛት ለኪስም ለኅሊናም ይበጃል፤ ጉድለት ቢገኝ መመለሻ ቦታ ይኖረናል።

የገበያ አንደበታችንንም እናስተካክል። «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» እያለ የሚምል ሻጭ የአላህን ስም በጨርቅ መለወጡን አይርሳ። ጉድለትን ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተወገዘ ነው፤ የተመዘዘውን ክር አሳይቶ ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ግን ዛሬ ጥቂት ቢያጣ ነገ ደንበኛ ያተርፋል። ገዢም ከዚህ ነፃ አይደለም። «እዚያ ሱቅ በግማሽ ዋጋ ሰጥተውኛል» ብሎ ያልተባለውን መናገር ክርክር ሳይሆን ውሸት ነው። «አቦ፣ አቅሜ ይህን ያህል ነው፣ መጨረሻውን ንገረኝ» ቢባል ከድሬ ሰው ጋር መግባባት አያስቸግርም።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ሲበቃ

ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አንጽፍም። ቅደም ተከተሉን ግን እንናገራለን። ኪሳችን ውስጥ ያለው ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይገዛ፤ ሹራቡ ከቤት ይምጣ። ትንሽ ከተረፈ ጓንት ይከተል። ጓንት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ግን ጣቱ የደነዘዘ ነጂ ፍሬን በወቅቱ መያዝ ያቅተዋል። ከደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ የፍሬን መዘግየት ምን እንደሚያመጣ ለማንም መንገር አያሻም። ሁለት ብርድ ልብስ የሚያህል ጃኬት ለብሶ ባዶ እጁን ከሚወርድ ልጅ ይልቅ፣ ስስ ጃኬትና ጓንት ያደረገው ይሻላል። ከጓንት ቀጥሎ ጆሮ የሚሸፍን ስስ ኮፍያ ይምጣ።

አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ዘዴም አለ። በአውሮፓ ተራሮች የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ከማሊያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያነጥፉ ነበር። ወረቀት ነፋስ ይከለክላል፤ ላብም በመጠኑ ይጠጣል። የአገራችን ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተካፈለበት ቱር ደ ፍራንስም እንዲህ ያሉ ተራሮችን የሚያቋርጥ ውድድር ነው። የዓለም ብስክሌተኞች ያላፈሩበትን ዘዴ የሐረማያ ተማሪ ሊያፍርበት አይገባም። የአላህ ስም ወይም አያት ያለበትን ወረቀት ግን ለዚህ ሥራ አናውል።

ጃኬቱ ከተገዛ በኋላም ዕድሜው በእጃችን ነው። ነፋስ ከልካይ ናይለን በፈላ ውሃ አይታጠብ፣ በጋለ ካውያ አይተኮስ፤ ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። በድሬ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከማስጣት ጥላ ሥር ማድረቅ ቀለሙንና ጨርቁን ይጠብቃል። ብርዱ ሲያልፍ ዚፑን ዘግቶ ማስቀመጥ ነው። ለልጃችን የጠበበውን ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ከምናሻግተው በደጋ መስጊዶች ለሚማሩ ደረሳዎች ወይም ሌሊት ውጭ ለሚያድር ዘበኛ ብንሰጠው፣ አንድ ጃኬት ሁለት ሰው አሞቀ ማለት ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ታይዋን ስትሄዱ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጃኬቱን በእጃችሁ አትመዝኑት፤ ጨርቁ ላይ ተንፍሱበት። ገዝታችሁ ስትመለሱም ወረቀቱን ከመቁረጣችሁና ደረሰኙን ከመጣላችሁ በፊት፣ ልጁ በማግስቱ ማለዳ ሹራብ ደርቦ አንድ ዙር ይንዳበት። ወገቡ ካልተገለጠ፣ አንጓው ካልበረደው፣ ነፋሱም ደረቱ ላይ ካልተሰማው ገንዘባችሁ በቦታው ውሏል። አላህ የልጆቻችንን መንገድ የሰላም ያድርግልን።